ቀድሞ የሚከፈል ሪቴንሽን ቦነስ፦ ሌይኦፍ ቢመጣ ምን ያህል ያስመልሳል?

አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታልም ሆነ በቴክ ኩባንያ ለሚሠራ ሰው ሪቴንሽን ቦነስ፣ ማለትም ሠራተኛው ሥራውን እንዳይለቅ የሚሰጥ ጉርሻ፣ አዲስ አይደለም። ገንዘቡ አሁን ይገባል፣ ሠራተኛው አንድ ወይም ሁለት ዓመት እንደሚቆይ ይፈርማል። ውሉ ደህና የሚባለው ግን ኩባንያው ራሱ ሠራተኛ ሲቀንስ (ሌይኦፍ) ገንዘቡ እንደማይመለስ በግልጽ ከጻፈ ብቻ ነው።

መጥፎው አንቀጽ «በማንኛውም ምክንያት ሥራው ከተቋረጠ ሙሉውን ይመልሳል» የሚለው ነው፤ ሌይኦፍም በዚያ ውስጥ ይገባል። ጥሩ ውል የሚያስመልሰው ሠራተኛው በፈቃዱ ሲለቅ ወይም በከባድ ጥፋት ሲሰናበት ነው። ዕዳውም በየወሩ መቀነስ አለበት። 20,000 ዶላር ለ24 ወር ተከፍሎ ሥራው 15 ወር ላይ ቢቆም፣ የሚቀረው የ9 ወር ድርሻ 7,500 ዶላር ነው። ይህ ካልተጻፈ 20,000ውን በሙሉ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ለሚፈረሙ ውሎች ኤቢ 692 የተባለ ጠንካራ ሕግ አላት። ማስመለስ የሚፈቅደው ሥራ ሲጀመር ለሚሰጥ ቦነስ ነው፤ እሱም ለብቻው በተጻፈ ውል፣ ጠበቃ ለማማከር 5 የሥራ ቀን ተሰጥቶ፣ ቢበዛ ለሁለት ዓመት፣ ያለ ወለድ። ሌይኦፍ የተደረገን ሰው መልስ ማለት አይቻልም። በሌላ ስቴት ያለ ሰው ግን በዋናነት የሚተማመነው በውሉ ነው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ታክሱ ላይ ነው። ከ20,000ው ላይ 22 በመቶ የፌዴራል ታክስ (4,400) እና 7.65 በመቶ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (1,530) ሲነሳ፣ የስቴት ታክስ ሳይቆጠር፣ እጅ የሚገባው 14,070 ነው። በዚያው ዓመት ከተመለሰ ኩባንያው በፔይሮል (በደመወዝ መዝገቡ) ሊያስተካክለው ስለሚችል የተጣራውን ብቻ መመለስ ይበቃል። ዓመቱ ካለፈ ግን የተቆረጠውን የገቢ ታክስ ኩባንያው ማስመለስ አይችልም፤ ያልተቀበሉትን ገንዘብ ጭምር ይጠይቃል። 7.65 በመቶውን ግን ማስተካከል ስለሚችል ዳብልዩ-ቱ-ሲ (የታረመ የዓመት ደመወዝና ታክስ ማስረጃ) እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የገቢ ታክሱን ማስመለስ የሠራተኛው ሥራ ነው። የተመለሰው ከ3,000 ዶላር በላይ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ ገንዘቡ በተመለሰበት ዓመት ከገቢ ላይ ወጪ አድርጎ መቀነስ፣ ወይም ቦነሱ የተገኘበትን ዓመት ታክስ ያለ ቦነሱ እንደገና አስልቶ ልዩነቱን በክሬዲት (ከታክሱ ላይ በቀጥታ በሚቀነስ ገንዘብ) መውሰድ። ሥራ የጠፋበት ዓመት ገቢ ስለሚያንስ አብዛኛውን ጊዜ ክሬዲቱ ይሻላል፤ 22 በመቶ ይከፍል ለነበረ ሰው ከ7,500ው 1,650 ዶላር ይመለሳል። 3,000 እና ከዚያ በታች ከሆነ የፌዴራል የገቢ ታክሱ አይመለስም። ታክስ የሚሠራው ሰው የአይአርኤስን (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱን) መመሪያ ፐብሊኬሽን 525 ካላየው ክሬዲቱ በቀላሉ ይዘለላል።

ዕዳውን ለማሰረዝ ጥሩው ጊዜ የስንብት ክፍያ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ኩባንያው ክስ እንዳይመጣበት ያን ፊርማ ይፈልገዋልና። ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በጅምላ ቅነሳ ጊዜ 45 ቀን ማሰቢያ፣ ከፈረመም በኋላ 7 ቀን መሻሪያ አለው። «ቦነሱ አይመለስም» የሚለው እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) የስልክ ቃል አይበቃም።

ምርጫ ከተሰጠ መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ይሻላል፤ ያልተቀበሉትን መልስ የሚል የለም። እሱም ቢሆን ሠራተኛው ቀኑ ሳይደርስ ከተቀነሰ የሠራበትን ድርሻ እንደሚከፈለው መጻፍ አለበት።