ከሥሩ በአዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፒካፕ ካጋጠማችሁ ቆም በሉ

ይህን የምጽፈው ያገለገለ ፎር ዊል ፒካፕ ለመግዛት ለዓመታት ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ላላችሁ ሰዎች ነው። እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የገዛሁት መኪና ዓይን የሚስብ ነበር። ቀለሙ ያበራል፣ ሞተሩ ገና ቁልፍ ሲነካ ይነሳል፣ ሥሩ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ተቀብቶ አዲስ መስሏል። ሻጩ «ዝገት እንዳይነካው ብዬ ያስቀባሁት ነው» አለኝ። ጠንቃቃ ሰው ገጠመኝ ብዬ ደስ አለኝ። በ4ኛው ወር ጭነት ይዤ ኮረኮንች ላይ ስሄድ ከኋላ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መካኒኩ ሥር ገብቶ ጥቁሩን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ሲፍቀው ጉዱ ወጣ። የበሰበሰው ሻንሲ (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት) ላይ ቁራጭ ላመራ ተበይዷል፣ ላመራው ላይ ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ሊጥ) ተለጥፏል፣ ከዚያ ሁሉም ተቀብቷል። ብየዳው በተላቀቀበት ቦታ ጣቴ እስከ ግማሹ ገባ። ለሻጩ ስደውልለት «ወንድሜ፣ አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

እውነት ነው፣ አይቻለሁ። ግን ያየሁት እሱ እንዳይ የፈለገውን ነው።

ፒካፕ ስትገዙ የምትገዙት በመጀመሪያ ሻንሲውን ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች አካሉ ራሱ ሸክሙን ይችላል። በፒካፕ ግን ሞተሩም፣ ካቢኑም፣ የኋላው ጭነት ማስቀመጫም የተቀመጡት ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ወፍራም ብረቶች ላይ ነው፤ ሻንሲ የሚባለው ይህ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይቀየራል፣ በር ከሌላ መኪና ይመጣል። ሻንሲ ሲበሰብስ ግን መኪናው አለቀ ማለት ነው፤ የሚያድነው ጥገና ብዙ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይስተካከላል።

ሻንሲ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ክፍት ነው። ጭቃና አሸዋ በቀዳዳዎቹ ይገቡና እዚያው ይቀራሉ፤ እርጥበት ይይዛሉ፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። መኪናው ባሕር ዳርቻ ወይም በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ላይ የኖረ ከሆነ ይብሳል። ስለዚህ ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ሻንሲ ሊኖር ይችላል። ጥሩ ስም ያለው ብራንድም ከዚህ አያድናችሁም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2016 በታኮማ፣ በቱንድራና በሴኮያ መኪኖች የሻንሲ ዝገት የተነሳ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን የጋራ ክስ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ስምምነት ለመጨረስ ተስማምቷል። ጉዳዩ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን የሚመለከት ነበር። «ይሄ ብራንድ አይበሰብስም» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

እንዴት ታዩታላችሁ? የሚቆሽሽ ልብስ ልበሱ፣ የእጅ ባትሪና ትንሽ መዶሻ ያዙ፣ ከቻላችሁም መኪናውን ሊፍት ላይ አሰቅሉት። ሻንሲውን ቀስ እያላችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም በስቱኮ የተሞላው ካርቶን እንደመምታት የታፈነ ነው። በተለይ የኋላ ባሌስትራዎች (ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ ስፕሪንግ ብረቶች) የሚታሰሩበትን፣ ከኋላ አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) በላይ ያለውን መታጠፊያና ከነዳጅ ታንከሩ ጀርባ የተደበቀውን ክፍል አትለፉ። የስልካችሁን ካሜራ መብራቱን አብርታችሁ ሻንሲው ላይ ወዳሉት ቀዳዳዎች አስጠጉና ቪዲዮ ቅረጹ። ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍ ብረት ካያችሁ በቃ። ማግኔት ካላችሁ ደግሞ ስቱኮ ላይ እንደማይጣበቅ አትርሱ።

ቀለሙን በራሱ እዩት። ብረቱን ለመጠበቅ ብሎ የሚቀባ ሰው መጀመሪያ ያጥባል፣ ዝገቱን ይፍቃል፣ ጎሚኒዎቹን (በብረቶቹ መካከል የሚገቡትን ላስቲኮች) እና የፍሬን ቱቦዎቹን ይሸፍናል። ለመደበቅ የሚቀባ ሰው ሁሉንም አብሮ ይቀባል። ጎሚኒው፣ ቡሎኑ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ጥቁር ከሆነ ቀለሙ የተቀባው ለእናንተ ዓይን ነው። የእኔ መኪና ላይ የኋላ አሞርዛተሮቹ (ንዝረት የሚያበርዱት) ላስቲክ ጭምር ተቀብቶ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር። ሻጩ «መዶሻ አታስነካ» ካለ ወይም ሊፍት ወዳለበት ጋራዥ መሄድ ካልፈለገ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሌላው መጣመም ነው። ከጎን ቆማችሁ በካቢኑና በጭነት ማስቀመጫው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ከካቢኑ ኋላ ወደ ታች ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ከአቅም በላይ ሲጫን ወይም ከባድ ነገር ሲጎተትበት የኖረ መኪና ምልክት ነው። ባሌስትራዎቹም ባዶ መኪና ላይ ተዘርግተው ወይም ወደ ታች ታጥፈው ከታዩ ያው ነው። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጋችሁ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በውስጡ አይገቡም። በቁጥሩ ዙሪያ የተሞረደ ወይም የተበየደ ነገር ካለ ድርድሩ እዚያው ያብቃ።

ፎር ዊሉን በተመለከተ ብዙ ሻጮች ማርሹን ጎትተው ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራ ያሳዩአችኋል። መብራት መብራቱ ግን የፊት ጎማዎቹ መጎተታቸውን አያረጋግጥም። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቆራኝቶ የሚነዳ ዓይነት ከሆነ በደረቅ አስፋልት ላይ እያጠመዘዛችሁ አትሞክሩት፤ ጥርሶቹን ያስጨንቃል። አፈር ወይም ጠጠር መንገድ ፈልጉ፣ መጀመሪያ በፈጣኑ የፎር ዊል ማርሽ (4H) ቀጥ ብላችሁ ንዱ፣ ከዚያ ቆማችሁ ወደ ዝግተኛውና ጉልበታሙ ማርሽ (4L) አስገቡት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው እየዳኸ ካልሄደ አልገባም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በቀስታ ስትነዱ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያዎች አልቀዋል። መኪናው ከፍ የተደረገ ከሆነ እነዚህ መገጣጠሚያዎች በሰያፍ ስለሚሠሩ ቶሎ ያልቃሉ፤ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹም ተወጥረው እንደሆነ እዩ።

ከፊት የተተከለው ረጅም የአየር መሳቢያ ቱቦ ብዙ ሰው ያታልላል። ቱቦው ለሞተሩ አየር ከላይ ያመጣል እንጂ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን) ከውኃ አይከላከልም፤ መኪናው ወንዝ ሲሻገር እንደኖረም ይጠቁማል። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል የዘይት መሙያ ቡሎኖች ይፈቱ፣ ጣታችሁን ነክራችሁ ዘይቱን እዩ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ወደ ሞተሩ ውኃ ከገባ ደግሞ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ሊጣመም ይችላል።

ለሞተሩ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ቀዝቅዞ እዩት። ከመሄዳችሁ በፊት «እንዳታስነሱት» ብላችሁ ደውሉ፣ ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። የእኔ ሻጭ «አሁን ከመንገድ መምጣቴ ነው» ብሎኝ ነበር። ሲቀዘቅዝ የማይነሳ ናፍጣ፣ ገና ሲነሳ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች መንቀጥቀጥ በሞቀ ሞተር ላይ ይደበቃሉ። ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ የቆየውን ሞዴል ስትገዙ የኢንጀክተሮቹ (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጩት) የመዳብ ማሸጊያ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ማሸጊያው ሲያልቅ ጥላሸት ዘይቱ ውስጥ ይገባና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ አውቶማቲክ ኒሳን ፍሮንቲየሮች ላይ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ ውኃና ዘይት የሚቀላቀልበት የታወቀ ችግር አለ። የካምቢዮ ዘይቱ ሮዝ ወተት ከመሰለ ሌላ ነገር አትጠይቁ።

ጎማው ጎን ላይ በ4 አኃዝ የተጻፈውን አንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኪሎሜትሩ ትንሽ ሆኖ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ላስቲኩ ደግሞ አይዋሽም።

እኔ መኪናውን ጭነት እንዳይጭን አቁሜዋለሁ። መካኒኩ የኋላውን የሻንሲ ክፍል ቆርጦ በሌላ ለመተካት እያጠና ነው፤ ያዋጣ እንደሆነ ገና አላወቅንም። ባያዋጣና ልሸጠው ብገደድ ጥቁሩን ቀለም አስፍቄ፣ ብየዳውን ለገዢው በጣቴ እያሳየሁ ነው የምሸጠው።