አባዬን ያጠገቡልን እናት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ዛሬ የምጽፈው አንዲት እናትን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ ምግብ የሚያበስሉ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እኛ ቤት እንደምንጠራቸው እማማ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለታመመ፣ ለአራስ ወይም ለሸመገለ ሰው የሚያበስል ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አባዬ በቅርቡ የመንጋጋ ጥርሶቹን አስነቀለ። ጥብስ ነፍሱ የሆነ ሰው ሥጋ ማኘክ አቃተው። የምንሠራለት ሾርባ ቀጠን ያለ ነበር፤ ጠጥቶት ብዙ ሳይቆይ ይርበዋል። ገንፎውም፣ አጥሚቱም ሰለቸው። ፊቱ እየከሳ ሲሄድ ሁላችንም ተጨነቅን። አንዲት ጎረቤታችን ናት «ድብልብል ሥጋና ቦሎቄ ያለበት ሾርባ የሚሠሩ እናት አሉ፤ እንጀራ የበላ ያህል ያጠግባል» ያለችን። አስጠራናቸው።

እማማ ሥራ የሚጀምሩት ከገበያ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከጆንያው አንድ እፍኝ ቦሎቄ ያወጡና መዳፋቸው ላይ በተን ያደርጉታል። ቆዳው የተሸበሸበውን፣ የደበዘዘውን፣ ቀዳዳ ያለውን በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ያያሉ። አንዱ ነጋዴ ዘንድ ገና እንዳዩት መለሱት። «ልጄ፣ ይሄ የከረመ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትጥደው አይበስልልህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የቆየ ቦሎቄ ውሃ መምጠጥ ያቅተዋል፤ ከአዲሱ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ እንደሆነ ይቀራል።

ሥጋውን ልኳንዳ ቤት ቆመው ነው የሚያስፈጩት። አስቀድሞ የተፈጨ አይገዙም። ከዳቢት ላይ አስቆርጠው ትንሽ ጮማ ያስጨምሩበታል፤ ያለ ጮማ ድብልብሉ ይደርቃል። አንድ ቅልጥምም ያስሰነጥቃሉ። የገዙበትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው መልሱን ከነሳንቲሙ ያስረክባሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ቦሎቄውን ማታ ለቅመው፣ አጥበው፣ በብዙ ውሃ ይዘፈዝፉታል። ጠዋት ያንን ውሃ ይደፉታል። በአዲስ ውሃ ጥደው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በኃይል ያንተከትኩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱን የሚቀንሱት። ይህን ነገር ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ በደንብ ካልበሰለ ሆድ የሚያውክ፣ የሚያስመልስ መርዝ አለው፤ ለብ ባለ እሳት ብቻ ሲንገላታ ቢውል መርዙ አይጠፋም። በደንብ ሲንተከተክ ግን ይጠፋል።

ሌላው ጉዳይ የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ «በአንድ ሰዓት ይበስላል» የተባለው ባቄላም ቦሎቄም እኛ ጋ የሚዘገየው። እማማ ቁጥሩን አይጠሩትም፤ ግን ሰዓት አይተው አያወጡም። ሁለት ሦስት ፍሬ በማንኪያ ያወጡና በጣታቸው ይጫኑታል። መሃሉ ነጭ ድርቀት ካለው ድስቱ ይመለሳል። ፕሬዠር ድስት ያላችሁ በጣም ይፈጥንላችኋል። እሳቸው ግን ክፍት ድስት ይመርጣሉ፤ እያዩት እንዲበስል ይፈልጋሉ።

ቅልጥሙ በሌላ ድስት ከካሮት፣ ከሴለሪና ከግማሽ ቀይ ሽንኩርት ጋር ለብቻው ይፈላል። አረፋውን ቁጭ ብለው ይገፉታል።

አሁን ወደ ድብልብሉ ልምጣ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ፣ ሩብ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ይበቃል ይላሉ። ያደረ ዳቦ በወተት ያርሳሉ፤ ጨመቅ አድርገው ከሥጋው ጋር ይቀላቅሉታል። አንድ እንቁላል፣ በጣም የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ለሽታ ያህል ኮረሪማ ይገባል። አይጨፈልቁትም። በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚያዋህዱት፤ ሥጋ ከታሸ ይጠነክራል። ጥርስ ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፍሬ ጠብሰው ጨውዋን ይቀምሳሉ። ከዚያ እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ እየነከሩ ከትንሽ ሎሚ አነስ እያደረጉ ያድበለብላሉ። ትሪው ሲሞላ ፍሪጅ ያስገቡታል። እረፍት ሲያገኝ አይበታተንም።

ጋል ያለ መጥበሻ ላይ ትንሽ ዘይት አድርገው ዙሪያውን ብቻ ያቀሉታል። ውስጡ የሚበስለው ሾርባው ውስጥ ነው። መጥበሻው ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ነገር እኛ ብንሆን አጥበን እንደፋው ነበር። እማማ አንድ ጭልፋ የቅልጥም ውሃ ጨምረውበት በእንጨት ማንኪያ ይፍቁትና ወደ ድስቱ ይመልሱታል። ጣዕሙ እዚያ ነው ያለው።

ቲማቲም የሚገባው ቦሎቄው ከበሰለ በኋላ ነው። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው እንደጠነከረ ይቀራል። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ለብቻቸው ቁሌት ከሆኑ በኋላ ሁሉም አንድ ድስት ይሆናል። ድብልብሉ ቀስ ብሎ ይበስላል። ሊወርድ ሲል የተከተፈ ቆስጣና ትንሽ በሶብላ። ጥቂቱን ቦሎቄ በጭልፋ ጀርባ ፈጭተው ስለሚመልሱት ሾርባው ራሱ ወፈር ይላል፤ ዱቄት አይነካውም።

አባዬ ያን ቀን አንድ ሳህን ጨርሶ ድጋሚ አስጨመረ። ሥጋውን በማንኪያ ጫፍ እየቆረጠ ነው የበላው። «ይቺ ሴትዮ እጇ ይባረክ» አለ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ፊቱም ተመልሷል።

ረቡዕና ዓርብ አባዬ ስለሚጾም ለጾሙ ቀን የሚሆነው ሌላ ይሠሩለታል። ቅልጥሙም ሥጋውም ይቀራል። ድብልብሉን ከተቀቀለ ምስር፣ ከድንችና ከሽምብራ ዱቄት ያዘጋጁታል፤ በዘይት። ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ መክተፊያውን ሁሉ ለጾም የተለየ ያደርጋሉ። ይህን ሳይነግሯቸው የሚያደርግ ሰው ማግኘት ለእኛ ቤት ትልቅ እረፍት ነው።

ስለ ሥራ ጠባያቸው ልጨምር። በሰዓታቸው ይመጣሉ። ሽርጣቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ወጥ ቤቱን ከገቡበት የበለጠ አጽድተው ይወጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙያቸውን አይደብቁም። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያወቅኩት አጠገባቸው ቆሜ ነው፤ የጠየቅኳቸውን አንድ ነገር «ይቅርብህ» ብለውኝ አያውቁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህቴ እንኳን በስልክ ጠይቃቸው ሠርታዋለች። እዚያ የታሸገ ቦሎቄ ስለምታገኝ «እሱን በውሃ አለቅልቀሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪው፤ የበሰለ ነውና ይፈርስብሻል» አሏት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ዋጋ አትከራከሯቸው። ለሠርግና ለልደት ደጋሽ ስንቀጥር የተባልነውን እንከፍላለን፤ ቤታችን መጥታ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የምትቆም እናት ጋ ስንደርስ ግን እጃችን ያጥራል። ይህ ልክ አይደለም። የዕለቱን በዕለቱ ስጧቸው፤ የትራንስፖርትም አስቡላቸው። የመሸ እንደሆነ ራይድ ጥሩላቸው።

ለፈጣን ምሳ አይሆኑም። ግማሽ ቀን ይፈልጋሉ፤ ቦሎቄውንም ማታ እናንተ ራሳችሁ ዘፍዝፋችሁ ብትጠብቋቸው ደስ ይላቸዋል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ከሰል አዘጋጁ። በገርጂ፣ በጎሮና በሰሚት አካባቢ ይሠራሉ፤ ራቅ ላለ ሰፈር ጠይቋቸው። ስልካቸውን ለመስጠት ፈቅደውልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሐሙስ ቀናቸው በእኛ ተይዟል፤ ሌላውን ቀን ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ።

እማማ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው የምጽፈው። ስለ አባዬ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።