የዶሜይን እድሳት ደብዳቤ፦ አንድ ኮከብ፣ እሱም ለወረቀቱ

ደረሰኝ የሚመስል ደብዳቤ ደረሰኝ። በየዓመቱ ይመጣል፣ የዘንድሮው ሦስተኛው ነው። ፖስታው መስኮት አለው፣ በመስኮቱ የቢሯችን ስምና አድራሻ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውስጡ የዌብሳይታችን ስም (ዶሜይናችን) በትልቁ፣ የሚያልቅበት ቀን በቀይ፣ ለአንድ ዓመት ይሄን ያህል ለሁለት ዓመት ይሄን ያህል እያለ የሚወርድ የዋጋ ሰንጠረዥ፣ ከታች ደግሞ ተቆርጦ ከክፍያው ጋር የሚላክ ቁራጭ። መመለሻ ፖስታ ሳይቀር አብሮ አለ። ሲያስቡልኝ!

አገልግሎት ነው ካሉ እኔም እንደ አገልግሎት ልገምግመዋ።

ዲዛይኑ አሪፍ ነው፣ አልክድም። የላኪው ስም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል። ቀኑም ትክክል ነው፣ ዶሜይናችን በእርግጥ የሚያልቀው ያን ቀን ነው። ውሸት ላገኝበት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም። ጀርባው ላይ፣ በግራጫ ቀለም፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። ቀጥሎም ምዝገባችሁን ወደ እኛ ማዛወር ከፈለጋችሁ የቀረበ ግብዣ ነው ይላል። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ፊት ላይ እድሳት፣ ጀርባ ላይ ዝውውር። ፈርማችሁ ከከፈላችሁ ዶሜይናችሁን ካስመዘገባችሁበት ድርጅት ነቅላችሁ ለማታውቁት ሰው ለማስረከብ ተስማማችሁ ማለት ነው። ዋጋው ደግሞ እኛ ከምንከፍለው ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

አድራሻችንን ያመጡት ከሁኢዝ፣ ዶሜይን ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ከሚታይበት መዝገብ ነው። ዶሜይን ሲመዘገብ የሚሰጠው ስም፣ አድራሻና ስልክ ለብዙ ዓመታት ማንም ገብቶ የሚያየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ብዙው ተሸፍኗል፣ ግን አንዴ የተቀዳ ተቀድቷል። የኛን በምን አወቅኩ? ያኔ ስመዘግብ የቢሮውን ስም አንድ ፊደል ስቼ ነበር። ደብዳቤው ያንኑ ስህተት ይዞ ከች ይላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የሚበትን አንድ የካናዳ ድርጅት ከሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዶሜይን ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን በዚሁ ጉዳይ አንድ መዝጋቢ ድርጅት አግዷል። ደብዳቤው ግን ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ለምን እንደሚሠራላቸው የገባኝ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ደብዳቤው ለኔ የተጻፈ አይደለም፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ነው። የኛዋ አንድም ቢል ቀኑ እንዲያልፍ የማትፈቅድ ሰው ናት። የዌብሳይቱን ስም አየች፣ ቀኑን አየች፣ ከፈለች። ጥፋቷ ሥራዋን በደንብ መሥራቷ ነው።

ዝውውሩ አልተሳካላቸውም፣ ዶሜይኑ ተቆልፎ ስለነበር ቁልፉ ሳይፈታና ያለ መዝጋቢው ኮድ አይወጣም። እኔ እፎይ አልኩ። መጥፎው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛው መዝጋቢያችን ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ኢሜይል ላከ፣ ሳምንት ሲቀረውም ላከ (ቢያንስ እነዚህን ሁለቱን እንዲልክ የአይካን ደንብ ያስገድደዋል)፣ እኛ ደግሞ «ከፍለን የለ እንዴ፣ እነዚህ አጭበርባሪዎች ናቸው» ብለን ዘጋናቸው! እውነተኛውን ሌባ፣ ሌባውን እውነተኛ አደረግን። አንድ ቀን ጠዋት ዌብሳይቱ የለም። ኢሜይሉም የለም፣ እሱም በዚያው ዶሜይን ላይ ነበራ። ችግሩ ምን እንደሆነ እስክንደርስበት ሦስት ቀን ለደንበኛ ስልክ ስንመልስ ዋልን። ደግነቱ በጊዜ ስለነቃን በመደበኛ ዋጋ አደስነው። ብንዘገይ ኖሮ ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላ ማስመለሻ የ30 ቀን ጊዜ ነው ያለው፣ እሱም በተጨማሪ ክፍያ፣ ከዚያ ያለፈ ስም ማንም ሊወስደው ይችላል። ለደብዳቤው የተከፈለው ገንዘብ አልተመለሰም። ጠይቀን ነበር፣ አይመለስም የሚለውም ጀርባው ላይ ተጽፎ ኖሯል።

አሁን ዶሜይኑ ራሱ እንዲታደስ አድርጌዋለሁ፣ ማስታወሻውም ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሷም ይደርሳታል። የመዝጋቢያችን ስም በትልቁ ተጽፎ ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሌላ ስም ይዞ የመጣ ወረቀት አይከፈልም፣ አለቀ።

የዘንድሮውን ፖስታ ሳትከፍተው ይዛልኝ መጣች። «እንካ፣ ወዳጆችህ ጽፈውልሃል» አለችኝ፣ «መመለሻ ፖስታውን ግን ለኔ ተውልኝ፣ ደረሰኝ ማስቀመጫ ይሆነኛል።»