የመንገድ ዳር ፓርኪንግ ክፍያ፦ በትኬት ቆራጭ ወይስ በታርጋ ቁጥር?

ትኬት ቆራጭ ማሰማራት ቶሎ ይጀመራል፤ ስማርት ስልክ የሌለውም ይስተናገዳል። ጣጣው ሒሳቡ ላይ ነው። ቆራጩ የመግቢያ ሰዓት ካልጻፈ፣ ወይም «ያለ ደረሰኝ በግማሽ ዋጋ» ከተስማማ፣ ገቢው ኪስ ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ተከታታይ ቁጥር ያለው ትኬት፣ ማታ ማታ ጉርዱን ከገንዘቡ ጋር ማመሳከርና ሠራተኛውን ከመንገድ መንገድ ማዘዋወር ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

በታርጋ ሲሆን አሽከርካሪው የቦታውን ኮድ፣ የታርጋ ቁጥሩንና የሚቆይበትን ሰዓት በስልኩ ያስገባል፤ ተቆጣጣሪው በእጅ መሣሪያ ያጣራል። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ግን የከፈለውም ይቀጣል። ስለዚህ ከክፍያ በፊት ታርጋው በጉልህ ይታይ፤ በአንድ አሃዝ ስህተት የመጣ ቅጣትም ያለ ውጣ ውረድ ይሰረዝ። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይወሰን።

የታርጋው ትልቅ ብልጫ መረጃው ነው፦ የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ይታያል። የከተማ ፕላን ምሁሩ ዶናልድ ሹፕ ይሉ እንደነበረው ትክክለኛው ዋጋ ከቦታው 85 በመቶ ያህሉ ተይዞ በየመንገዱ አንድ ሁለት ክፍት የሚያስቀር ነው። ሳን ፍራንሲስኮም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ታሪፉን በየቦታውና በየሰዓቱ ፍላጎት እያስተካከለች ሞክራዋለች። በወረቀት ጉርድ ይህን መከታተል ዘበት ነው።

ለጀማሪ ከተማ የሚሻለው ቆራጩን ሳያስወጡ ታርጋ መመዝገቢያ መሣሪያ ማስያዝ ነው። የቦታ መስመር ግን ከሁሉም በፊት ይሰመር፤ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ ለሚቆም መኪና 6 ሜትር ገደማ ርዝመት ይበቃል።