የሶዳ ማሽን በደብረ ብርሃን፦ ውሃው ሞልቷል፣ ጥያቄው ጋዙ ነው

ቤት ውስጥ ውሃን ባለጋዝ የምታደርገዋን ማሽን ካገኘሁ ክረምቱን ጨርሼ በጋውን አጋምሻለሁ። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ነገር ታዋጣለች?» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ማሽኗ ጎበዝ ናት። ጋዙን፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ የምታስሞሉበት ቦታ ከሌላችሁ ግን የቡፌ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

የእኔዋ ሶዳስትሪም ናት፣ በእጅ የምትሠራው ዓይነት። መብራት አትፈልግም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለምክንያት አይደለም። መብራት ሲሄድ ቤታችን ውስጥ ሥራዋን የማታቆም ብቸኛዋ ማሽን እሷ ናት። ከጀርባዋ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር ትገባለች። ከፊት ውሃ የተሞላውን ጠርሙስ ታጠብቃላችሁ፣ ከላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ጋዙ በቀጭኗ ቱቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሲበቃው ማስተንፈሻው «ጥርርር» ብሎ ይጮኻል። ሌላ ነገር የላትም። ማሽኗ ይህን ያህል ቀላል ስለሆነች እስካሁን የተበላሸ ነገር የለም። አንዴ ሲሊንደሩ በሚገባበት በኩል «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሳሙና አረፋ ብቀባው አረፋው ተነፋ። ላስቲኳ አቧራ ይዛ ነበር፤ ጠርጌ መልሼ ሳጠብቀው ቀጥ አለ።

አመጣጧ ላይ ግን ችግር ነበር። ማሽኗን ያመጣችልኝ ከውጭ የመጣች እህቴ ናት። ሲሊንደሯን ማምጣት አልቻለችም፤ የተሞላ የጋዝ ሲሊንደር በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ስለዚህ ማሽኗ ያለ ጋዝ መጥታ ለብዙ ሳምንታት ተቀመጠች። ሲሊንደሩን በኋላ አዲስ አበባ ከአንድ ዕቃ አስመጪ ገዛሁ። ዘመድ ከውጭ ሊያመጣላችሁ ካሰባችሁ መጀመሪያ እዚህ ሲሊንደር አግኙ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስትገዙም አገጣጠሙን ተመልከቱ። የድሮው ሰማያዊ ሲሊንደር በጥርሱ የሚሽከረከር ነው። አዲሱ ሮዝ ቀለም ያለው ገፋ ተደርጎ የሚገባ ነው። አንዱ በሌላው ማሽን አይሠራም።

አሁን ወደ ጣዕሙ። የእኛ ቤት አምቦ ወዳድ ነው። አባባ ሥጋ በልተው አምቦ ካልጠጡ የበሉ አይመስላቸውም። በዓል ሲመጣ በሣጥን ይገባል፣ ባዶው ጠርሙስ በረንዳ ላይ ይከመራል፣ እሱን ማመላለስ የእኔ ዕጣ ነው። ማሽኗን የፈለግሁትም ከዚህ ለመገላገል ነበር። በመሃል ሐኪማቸው «አባት፣ ጨው ይቀንሱ» አላቸው፤ ያኔ ምክንያቴ ሁለት ሆነ። አምቦ ከመሬት የሚፈልቅ የማዕድን ውሃ ነው። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየምም ቢካርቦኔቱም አብሮ ይመጣል፤ ያ ለየት ያለው ጣዕም የዚያ ነው። የእኛ ማሽን የምትጨምረው ጋዝ ብቻ ነው። ጨው አልገባ፣ ማዕድን አልገባ።

የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ለአባባ ቀዳሁ። ቀመሱ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት፣ እንደገና ቀመሱ።

«ይሄ አምቦ አይደለም» አሉ። «ውሃ ነው። ብቻ ተናዷል።»

ፍርዱ ትክክል ነው። አምቦን እተካለሁ ብሎ ይህን የሚገዛ ሰው ያዝናል። እኔ ለራሴ በጣት የተቆነጠረች ቤኪንግ ሶዳ ውሃው ላይ አስቀድሜ አሟሟለሁ፣ ከዚያ ነው ጋዝ የምሰጠው። ወደ አምቦ ትንሽ ይጠጋል። ጋዝ ከገባ በኋላ ብትጨምሩት ገንፍሎ ጠረጴዛ ያጥባል። ቤኪንግ ሶዳም ሶዲየም ስላለበት ግን የአባባ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም። እሳቸው አሁን ግማሽ ሎሚ ጨምቀውበት ይጠጣሉ። «የተናደደውን አምጡ» ይላሉ። በዓል ሲሆን ደግሞ አምቦ ይገባል፤ በዚህ ክርክር የለም።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ማሽን የተፈጠረች ከተማ ናት። ጋዝ የሚሟሟው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። 25 ዲግሪ ያለው ውሃ የሚይዘው ጋዝ 5 ዲግሪ ያለው ከሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው። እኛ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን ብርድ ሲሸጥ ብንውል የማያልቅብን ሰዎች ነን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ውርጩ በሚጥልበት ወቅት፣ ጆጎውን ማታ ከድኜ በረንዳ ላይ አሳድረዋለሁ። ጠዋት እጅ የሚቆርጥ ውሃ አገኛለሁ። ፍሪጅ ምን ሊያደርግልኝ? በረዶ የሠራውን ግን መጀመሪያ አቀልጣለሁ፤ በረዶ ያለበት ውሃ ጋዝ ሲገባበት ይገነፍላል።

ልዩነቱን በደንብ ያየሁት ሸዋ ሮቢት ነው። ማሽኗን ይዤ ዘመድ ጥየቃ ወረድኩ። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲናን ስንወርድ ጃኬት ወለቀ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቡም ተከተለ። ከደብረ ብርሃን ከመቶ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ነው፣ ከተማዋ ግን ያለችው 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከበርሜል የተቀዳ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁና ቤት እንደለመድኩት ተጫንኩ። የወጣው ለዓይን አረፋ፣ ለአፍ ግን ምንም የሌለው ነገር ነበር። ጨመርኩ፣ ጋዙ በማስተንፈሻው ወጥቶ አለቀ እንጂ ውሃው አልያዘውም። አክስቴ አይታ «እዚህ ለፍተህ አምጥተህ ነው? እኛ ውሃ አለን እኮ ልጄ» አለችኝ። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረን በነጋታው ስንሞክር ተስተካከለ። ቆላ ያላችሁ ሰዎች ከማሽኑ በፊት ፍሪጃችሁን አስቡ።

ከፍታውም ዋጋ ያስከፍላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱት ጋዙን ተጭኖ የሚይዘው አየር ሳሳ ያለ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሞቅ ያለ ፍልቅልቅታ ታገኛላችሁ፣ ከዚያ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ሠርቶ ለሁለት ቀን ማቆየት የሚባል ነገር የለም። ልክ ሲፈለግ ነው የሚሠራው፣ ምሳ ላይ ተሠርቶ ምሳ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጋዙ።

ሲሊንደሯ ሙሉ ስትሆን 425 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትይዛለች። ካርቶኑ እስከ 60 ሊትር ትሠራለች ይላል። ሂሳቡን ስትሠሩት ለሊትር 7 ግራም ነው። 7 ግራሙ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነበር። አይቀርም። ጠርሙሱ አናት ላይ ያለው ባዶ ቦታም ድርሻውን ይወስዳል፣ ትርፉም በማስተንፈሻው ይወጣል። የእኛ ቤት ሰው ደግሞ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነው የሚፈልገው። ከአንድ ሲሊንደር 40 ሊትር ካገኘሁ ጥሩ ወር ነበር እላለሁ።

ካለቀ በኋላስ? ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህችን ትንሽ ሲሊንደር የሚሞላልኝ ሰው አላገኘሁም። ይህን ጋዝ የሚነካ ሰው አይጠፋም። የእሳት ማጥፊያ የሚሞሉ አሉ፣ በያጆች አሉ፣ ድራፍት ቤቶች አሉ። ጋዙ በስም አንድ ነው። የእሳት ማጥፊያው መሣሪያ ግን ለሚጠጣ ነገር ታስቦ አይጸዳም፤ ዘይትም ዝገትም ይኑርበት ማን ያያል? እኔ የምፈልገው ለመጠጥ የሚሆነውን ነው። እሱ ያለው ከድራፍት ሰዎች ጋር ነው፣ ድራፍቱን ከበርሜል ገፍቶ የሚያወጣው ይኸው ጋዝ ስለሆነ።

ቢራና የሶዳ ውሃ ድሮም ዘመዳሞች ናቸው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ውስጥ ከቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ይኖር ነበር። ከሚፈላው የቢራ ጋን በላይ በሚንሳፈፈው ጋዝ ውስጥ ውሃ ይዞ ሲያገላብጥ ውሃው ጋዝ ያዘ። የሶዳ ውሃ ታሪክ ሲነገር ከዚያ ይጀመራል። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ያው ጋዝ ከጋኑ አፍ እየወጣ በከንቱ ስንት ዘመን ሄደ። ለማንኛውም ከጠላ ጋን ሲሊንደር አይሞላም፤ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ሲሊንደሯን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ለእሷ ብቻ ብዬ ብሄድ የትራንስፖርቱ ዋጋ ስንት ጠርሙስ አምቦ ይገዛ ነበር።

ሚዛን ነገርም አለ። አንድ ሞይ ቤት «ሞልቷል» ብሎ ሙሉ ዋጋ ተቀበለኝ። ቤት ሳልገባ ሰፈራችን ሽንኩርት የምትሸጠዋ እህታችን ጋ ጎራ አልኩ። ባዶ ክብደቷ ሲሊንደሯ አንገት ላይ በቁጥር ተቀርጿል። ሽንኩርቱን አንስታ ሲሊንደሯን ሚዛኑ ላይ አጋደመችው። ቁጥሩ ከተቀረጸው በላይ የሄደው በ200 ግራም እንኳ አይደለም። «ምንድነው የምንመዝነው?» አለችኝ። አየር ነው ስላት ሳቀች። «በኪሎ ስንት ገባህ?» ብላ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ የምሄደው እፊቴ መዝኖ ለሚሞላ ሰው ብቻ ነው። ከተጻፈው ልክ በላይ ሊጨምርላችሁ የሚፈልግ ቸር ሰው ካጋጠማችሁም እምቢ በሉ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሲሞቅ ያብጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም ያው ነው። ማሽኑ ላይ ስትሆንም ቆማ እንጂ ተጋድማ አትሠራም፤ ከተጋደመች በጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ይወጣል።

ማሽኗ የሚገባት ውሃ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ብርዝ ሞላባትና ተጫነው። ማሩ ከጣሪያው ላይ ሲወርድ የነበረውን ሁኔታ ባለቤቴ እስካሁን ለሰው ታወራዋለች። ትክክለኛው አሠራር ሌላ ነው። ማሩን በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ወፍራም አድርጋችሁ ትበጠብጣላችሁ፣ ታቀዘቅዛላችሁ፣ ጋዝ ያለውን ውሃ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀስ እያላችሁ ትጨምሩበታላችሁ። ከለስላሳ ይልቅ ለልጆች ይህን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የስኳሩን መጠን የምወስነው እኔ ነኝ። ከቆላ የሚመጣው ሎሚ ሲገባበት ደግሞ ሌላ ነው።

ውሃውን አፍልቼ አቀዝቅዤ ነው የምሞላው። ጋዝ ውሃን አያጸዳም፤ ፍልቅልቅ ማለቱ ንጹሕ አስመስሎ እንዳያታልላችሁ። ጠርሙሶቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ በፈላ ውሃ አይታጠቡም፣ ይኮማተራሉ። ላያቸው ላይ እስከ መቼ እንደሚያገለግሉ ቀኑ ተጽፏል፤ ጫና ስለሚሸከሙ ቀኑን አክብሩት። ጨጓራ ያለባት የሥራ ባልደረባዬ ሞክራ ነፋኝ አለች፣ ስለዚህ መድኃኒት ነው ብዬ ለማንም አልሰጥም።

ማን ይግዛ? በሳምንት አንድ ጠርሙስ አምቦ የሚጠጣ ሰው አይግዛ፣ ብሩን አያባክን። አዲስ አበባ በየጊዜው የሚመላለስ፣ ቤቱ ሰው የሚበዛበት፣ ጠርሙስ መሸከም የሰለቸው ሰው ይግዛ፤ ሲገዛ ግን ሲሊንደር ሁለት ይያዝ። እኔ ሁለተኛዋን ያገኘሁት ገና አሁን ነው። አንዷ ቤት ትሠራለች፣ ሌላዋ ባዶዋን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ትጠብቃለች።