ሐሙስ ማታ በአዝማሪ ቤት፦ መድረኩ የሰፈር ሰው ሲሆን

የካዛንችስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አዝማሪ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ይቸግረዋል። ዳንሰኛው መላኩ በላይ የሚመራውን ፈንዲቃን ጨምሮ በዚያ ሰፈር የነበሩ ቤቶች ከቦታቸው ተነሥተዋል፤ በምትካቸው ሰው የሚጠቁመን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የብሔር ብሔረሰቦችን ጭፈራ ከእራት ጋር አሰናድተው የሚያቀርቡትን ሰፋፊ የባህል ምግብ አዳራሾች ነው። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ የምትገኘው ቤት ግን ከእነዚህ አትመደብም። በራፏ ላይ የተሰቀለ ስም የላትም፤ ሰፈሩ በባለቤቷ ስም ይጠራታል። በሌሎቹ ምሽቶች እንደማንኛውም አዝማሪ ቤት የምትሠራ ሲሆን፣ ሐሙስ ማታ ግን ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት ወይም ጉሮሮ ብቻ ይዞ ለሚመጣ የአካባቢው ሰው መድረኩን ትለቅቃለች።

መድረክ መባሉ እንኳ ለወጉ ያህል ነው። አጎዛ የተነጠፈበት ጥግ አለ፤ ከእርሱ ፊት በርጩማዎች በቅርብ በቅርብ ተደርድረዋል፤ ተጫዋቹ እጁን ቢዘረጋ የእንግዳውን ብርሌ ይነካል። ምሽቱን የሚመሩት ባልና ሚስት አዝማሪዎች ናቸው፤ እርሱ ማሲንቆ ይመታል፣ እርሷ ትዘፍናለች፣ ከበሮውንም አልፎ አልፎ ትቀበላለች። ያለ ድምፅ ማጉያ የሚሰማው ማሲንቆ የፈረስ ጭራው ሲፋተግ የሚያወጣውን ሻካራ ትንፋሽ ጭምር ያሰማል፤ በአዳራሾቹ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ ድምፅ ነው። ሁለቱ በዘፈኖች መካከል በአዝማሪዎች የውስጥ ቋንቋ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ ስለ እኛ ኪስ ሳይሆን እንደማይቀር ጠርጥሬያለሁ።

የቤቷ ዋጋ ከምንም በላይ የሚታየው በግጥም መቀባበሉ ላይ ነው። በብዙ ቦታ አዝማሪው የተዘጋጀ ውዳሴውን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያዞረ የእንግዳውን ስም ብቻ ይለዋውጣል፤ የተወደሰውም ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለትና ነገሩ በዚያው ያበቃል። እዚህ ግን እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን በዜማ አሳምሮ ካዜመ በኋላ የራሱን ይጨምርበታል። ጋቢ የደረበ አንድ ጎልማሳ ከጥግ ሆኖ የሚከተለውን ሰጠ፦

የወዳጄ በራፍ ማታ ተዘግቶብኝ
ደጃፏ ላይ አድሬ ብርዱ ዛሬ ገባኝ

ሰሙ የሌሊቱ ቁር ነው፤ ወርቁን ግን ከጎኑ የተቀመጠችው ሴት ከሁላችንም ቀድማ ተረድታው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አዝማሪው ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ካዜመው በኋላ፣ ገጣሚው ጋቢውን ለበሩ አልብሶ እርሱ ወደ ቤቱ ቢገባ እንደሚሻለው የሚመክር ስንኝ መለሰለት፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ዝም ማሰኘት አልተቻለም። እንዲህ ያለው ቅጽበት የሚገኘው አዝማሪው የሚያዳምጥ ሰው ሲሆን ብቻ ነው፤ የዚህ ቤት አዝማሪ ያዳምጣል።

ከሰፈሩ ሰዎች መካከል ልቤን የወሰደው በአቅራቢያው ባለ ሕንፃ ጥበቃ የሚሠራው ዋሽንት ነፊ ነው። ዋሽንት እንደ ክራር አይቃኝምና ከካፖርቱ ውስጥ ቁመታቸው የተለያየ በርከት ያሉ ሸምበቆዎች አውጥቶ አንድ በአንድ ሞከረ፤ የመረጠው ከማሲንቆው ጋር ጥቂት ሲዛነፍ፣ አዝማሪው ምንም ሳይነገረው የማሲንቆውን ጭራ አጠበቀለት። ቀጥሎ የመጣው ትዝታ ዝግ ያለ ነበር፤ ዋሽንቱ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ ማሲንቆው ይሞላለት ነበር እንጂ አይቀድመውም። ክራር ይዛ የመጣችው ወጣት ተማሪ ደግሞ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስትሻገር ቅኝቱን ማስተካከል ጊዜ ወሰደባት። አንቺሆዬ ለጀማሪ ጣትም ለጀማሪ ጆሮም አስቸጋሪ ቅኝት ስለሆነ ይህ የሚያስወቅሳት አይደለም፤ አዝማሪዋም ክፍተቱን በቀልድ ግጥም ስለሞላችው ማንም አልተሰላቸም። በኋላ የሠርግ ዜማውን ስትጀምር ድምፅዋ ከጣቶቿ እጅግ የበሰለ መሆኑ ታየ። ቀረርቶ ያሰሙት አዛውንት ጉልበታቸው ቢደክምም የቃላቸው አወጣጥ ጥርት ያለ ነበር፤ ሽለላቸው ግን ከሚገባው በላይ ረዘመ፤ ሊያስቆማቸው የደፈረ ሰው አልነበረም፣ ባይኖርም ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ቤቷ ራሷን የምትጎዳበትን ነገር መናገር ይገባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ይገባሉ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማሲንቆው እየታየ አይሰማም፣ የግጥሙም ቃል በዳንኪራው ሥር ይቀበራል። እስክስታ ለመምታት የመጡት ወጣቶች በዚህ ይደሰታሉ፤ ትከሻቸውም የሚያስቀና ነው፤ ቢሆንም እስክስታ ያለ ኪቦርድ ሲመታ የኖረ ጨዋታ ስለሆነ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ቢካሄድ ምንም አይጎድለውም ነበር። ባለቤቷ ገበያው ይህን ይፈልጋል ይላሉ። ምክንያታቸውን እረዳዋለሁ፤ ሆኖም ሐሙስን ከዚህ ነፃ ቢያደርጉት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር በእጃቸው ይቀራል።

ስለ ዋጋው፦ መግቢያ የለም፤ ክፍያው በመጠጡ ላይ ይታከላል፤ የዋጋ ዝርዝር ስለማይቀርብ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽልማት በፈቃድ ነው ቢባልም፣ የውጭ አገር ሰው ይዞ የመጣ እንግዳ ውዳሴው ወደ እርሱ ብዙ ጊዜ እንደሚዞር ያስተውላል፤ ስለዚህ ዘርዘር ያለ ብር ይዞ መምጣቱ ያዋጣል። ጠጁ ደረቅ ሆኖ ጌሾው በመጠኑ የገባበት ነው፤ ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ይቀርባል። ጥብሱ ተራ ነው፤ ከቆሎው ጋር መቆየቱ ይሻላል።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት የደረሰ ሰው ከአጎዛው አጠገብ በርጩማ ያገኛል። ዘግይቶ የመጣ በመግቢያው በኩል ቆሞ ያዳምጣል፤ ከዚያ ቦታ ደግሞ ከበሮው እንጂ ዋሽንቱ በደንብ አይሰማም።