የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ነርሶችና ወንበሮች

ልጃችን ያለ ጊዜዋ 1,600 ግራም መዝና ስትወለድ፣ ጎንደር ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ገባች። ስለ ሐኪሞቹ ችሎታ አስተያየት ለመስጠት አልደፍርም፤ ሙያዬ አናጢነት ነው። የምጽፈው ወላጅ ልጁን ገላ ለገላ ስለሚያቅፍበት የካንጋሮ ክፍል ነው።

ሕፃኗ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ በእናቷ ጡቶች መካከል ቀጥ ትላለች። እግሮቿ ግራና ቀኝ ታጥፈው፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንገቷ ሳይቀለበስ በጨርቅ ትታሰራለች። ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ ሳጥን ባጠረበት ሆስፒታል ነው። ዛሬ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ማሽን ለሞላው አገርም ይመክረዋል።

አማቴ አልተዋጠላቸውም። «በዚህ ብርድ ሕፃን ይራቆታል?» እያሉ ጋቢያቸውን ሊደርቡባት ሲነሡ ነርሷ አልተቆጣቻቸውም። እጃቸውን ይዛ የልጅቷን እግር አስነካቻቸውና «እማማ፣ ይዳስሷት እስቲ፣ ቀዝቅዛለች?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ምሳ ልትበላ ስትል እንኳ «ቆይ አትፍቺያት» ባይዋ እርሳቸው ሆኑ። ለእንዲህ ዓይነት ነርስ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

አባትም ማቀፍ ይችላል። ተራዬ ሲደርስ ሲስተሯ ገና ከበሩ «ቫርኒሽ ትሸታለህ፣ ታጥበህ ና» ብላ አዘዞ ድረስ መለሰችኝ። ልክ ነበረች። ንጹሕ ሆኜ ስመለስ ልጄን ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። ክብደቷ አይሰማም፤ የሚሰማው ትንፋሿ ነው፤ ፈጠን ይላል፣ ያዝ ያደርጋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። የደረቴን ጸጉር በዚያች ጣቷ ጨብጣ ስትጎትት ያማል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። ማታ ማታ ግን ጥበቃው አባት አያስገባም። ሌሊቱን ሙሉ ሸክሙ የእናት ብቻ መሆኑ ትክክል አይመስለኝም።

ወደ ወንበሩ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እቀፉ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ደግሞ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው የፕላስቲክ ወንበር ነው። ባለቤቴ በቀዶ ጥገና ወልዳ ስፌቷ ገና አልደረቀም ነበር። መደገፊያው ወደ ኋላ ጋደል ሊል፣ ክንድ ማሳረፊያው በክርን ቁመት ሊሆን፣ የአጭር ሴት እግርም መሬት ሊነካ ይገባል። ከባሕር ዛፍ ጣውላ በነጻ ልሥራ ብዬ ብጠይቅ «በደብዳቤ አመልክት» ተባልኩ፤ አመልክቻለሁ፤ መልስ የለም።

ለምትሄዱ፦ ከፊት የሚከፈት ልብስና ረዘም ያለ ንጹሕ ነጠላ ያዙ። ትራስም አትርሱ፤ አንዱ ለወገብ፣ አንዱ ለክርን።